አልዞርም ያለው ሴፍቲ

(በሰሜን ቨርጂኒያ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ለሀገር ልጆች ስለ አሮጌ ጠመንጃ ሴፍቲ፣ ማለትም እንዳይተኩስ ስለሚከለክለው መቆለፊያ፣ ያደረግኩት ንግግር ነው። በቃል ያልኩትን ተከትዬ ጻፍኩት፤ መጨረሻ ላይ ከተጠየቁት ጥያቄዎችም ጥቂቱን አስገብቻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የእሁድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁና እፎይ በሉ። ጠመንጃ ይዤ አልመጣሁም። ጠመንጃው ቤት ተቆልፎበታል። ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ይህ ብረት መዝጊያው ብቻ ነው። ጥይቱን ወደ በርሜሉ የሚገፋውና ከኋላው የሚዘጋው ክፍል ማለት ነው። ከጠመንጃው ተለይቶ ሲወጣ ምንም አያደርግም። ስንጨርስ መጥታችሁ በእጃችሁ ታዩታላችሁ።

መዝጊያው የቤልጅግ ነው። ሽማግሌዎቻችን ቤልጅግ ያሉት የቤልጅየም ሥራ ስለሆነ ነው። ፋብሪካው ኤፍ ኤን ይባላል፤ ሊዬዥ ከተማ አጠገብ ኤርስታል ነው ያለው። በ1889 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ዓላማው ለቤልጅየም ጦር 150,000 የማውዘር ጠመንጃ መሥራት ነበር። ስለዚህ ስሙ ቤልጅግ ይሁን እንጂ አሠራሩ የጀርመናዊው የፓውል ማውዘር ነው። ይህን የምታዩትን ዓይነት መዝጊያ ጀርመን ለጦሯ የተቀበለችው በ1898 እ.ኤ.አ. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላ የቤልጅየም መኮንኖች መጥተው ክቡር ዘበኛን አሠልጥነው ነበር። ቤልጅጎቹም የተገዙት በዚያው ዘመን ነው። ጥይት ከሚገባበት ቦታ በላይ ዘውድ የደፋ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾባቸዋል። የእኔው ላይ አንበሳው በብዙ እጅ ተሻሽቶ ደብዝዟል። በጣት ሲዳስሱት ግን አለ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአስመጪዎች በኩል አሜሪካ ገበያ ላይ ውለዋል። ቤልጅጎች አሉ። ከጣሊያን የቀሩ ካርካኖዎች አሉ። ብዙዎቹ ጎስቋላ ናቸው። ከእናንተም የገዛችሁ አላችሁ። ለምን እንደገዛችሁ ይገባኛል፤ እኔም ገዝቻለሁ። ክቡር ዘበኛ ማይጨው ላይ የያዘው ዓይነት ጠመንጃ ቤት ውስጥ ሲኖር ሌላ ስሜት አለው።

ከዚያ ስልክ ይደወልልኛል። ሥራዬ ቶርኖ ስለሆነ፣ ብረት የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ስሜ ይነሳል። «ወንድሜ፣ ሴፍቲው አልዞር አለኝ፣ ምን ላድርግ?» ይሉኛል። ይሄ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። «ትንሽ ልሞርደው እንዴ?»

ዛሬ እዚህ የቆምኩት ለዚህች ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ልጅ ሆኜ ክረምቱን አጎቴ ዘንድ ነበር የማሳልፈው፤ ሰሜን ሸዋ። አጎቴ ቤልጅግ ነበረው። ምሰሶው ላይ፣ ከመደቡ በላይ፣ በጠፍር ይሰቀላል። ጅብም ሌባም ስላለ ጎርሶ ነው የሚያድረው። ተቀባብሎ፣ ሴፍቲው ዞሮ። የጠመንጃው ነገር አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት። ሴፍቲው ይከብዳል። አጎቴ በአውራ ጣቱ ገፍቶ ገፍቶ ሲሰለቸው በድንጋይ መታ መታ ያደርገው ነበር። አንድ የገበያ ቀን ይዞት ሄደና ብረት የሚሠራ ሰው ዘንድ አሳየው። ሰውዬው እጁ የተባረከ ነበር፤ የማያስተካክለው ነገር የለም። ሞረድ አወጣና ቀጨም ቀጨም አደረገው። አጎቴ ሲመለስ ደስታው ልክ አልነበረውም። ሴፍቲው እንደ ቅቤ ይዞራል። ለጎረቤት ሁሉ እያሳየ ዋለ።

ከዚያ ጥቂት ቀን ቆይቶ አንድ ማለዳ ጠመንጃውን አወረደ። አፈሙዙን እንደ ልማዱ ወደ ላይ አድርጎ ያዘው። ጣቱ ቃታው ላይ አልነበረም። እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ። አውራ ጣቱን ሴፍቲው ላይ አድርጎ ወደ ግራ አዞረው። ጠመንጃው ተኮሰ።

ሰው አልተጎዳም። ጥይቱ ቆርቆሮውን በስቶ ወጣ። የፀሐይ ጨረር እንደ ክር ሆና በቀዳዳው ገባች። ያን ክረምት ሙሉ ከቀዳዳው ሥር ጣሳ ይቀመጥ ነበር። መንደሩ «ጠመንጃው ራሱ ተኮሰ» አለ። ቄስ መጥተው ቤቱን ጠበል ረጩ። ማንም ሌላ ምክንያት አላገኘለትም። እኔም ምክንያቱን ያገኘሁት ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ጋራዤ ውስጥ፣ ይህን መዝጊያ ፈትቼ ሳየው ነው። እደርስበታለሁ።

አሁን ወደ ብረቱ። ከኋላ ያለችው ይህች እንደ ክንፍ የቆመች ምላስ ሴፍቲዋ ናት። ሦስት ቦታ አላት። ተኳሹ ከኋላ ሆኖ ሲያያት፣ ወደ ግራ ከተኛች ጠመንጃው ይተኩሳል። ቀጥ ብላ ወደ ላይ ከቆመች አይተኩስም፣ መዝጊያው ግን ይከፈታል። ወደ ቀኝ ከተኛች አይተኩስም፣ መዝጊያውም አይከፈትም። መሃለኛዋን ቦታ በጣም እወዳታለሁ። ጠመንጃው ሳይተኩስ ጥይቱን ማውጣት ያስችላል። በዚያ ላይ ክንፏ ስትቆም ዒላማ ማያውን ትጋርዳለች። ወታደሩ ሲያነጣጥር ሴፍቲው ላይ መሆኑን ዓይኑ ይነግረዋል። በጨለማም በአውራ ጣቱ ዳስሶ ያውቃል።

ብዙ ሰው ሴፍቲው ቃታውን የሚቆልፍ ይመስለዋል። በማውዘር እንደዚያ አይደለም። መዝጊያው ውስጥ ረጅም መርፌ አለ፤ የጥይቱን ቂጥ የሚመታው። መርፌው ላይ ጠንካራ ሞላ ተጠምጥሟል። ከኋላ ደግሞ ጅራት አለው፤ ይቺ ናት። ጠመንጃው ሲቀባበል ከሥር ቃታው ጋር የተያያዘች አንዲት ጥርስ ብቅ ብላ ጅራቱን ትይዘዋለች። ቃታውን ስትስብ ጥርሷ ዝቅ ትላለች፣ ጅራቱ ያመልጣል፣ ሞላው መርፌውን ይወረውረዋል። ይኸው ነው መተኮስ ማለት።

ሴፍቲዋን ስታዞሯት ሥሯ ላይ ያለው ቁልቁለት ከጅራቱ ፊት ይገባና ወደ ኋላ ይገፋዋል። ግፊያው በጣም ትንሽ ነው። ግን ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ነው። በዚያች ጥቂት ግፊያ ጅራቱ ከጥርሷ ላይ ይነሳል። ሸክሙ ከጥርሷ ወደ ሴፍቲዋ ይሻገራል። አሁን አንድ ሰው ቃታውን ቢስብ ጥርሷ ዝቅ ትላለች፤ ሲለቀው ተመልሳ ብቅ ትላለች። ጅራቱ ወደ ኋላ ስለተገፋ ለመመለሻ ቦታ አላት። ምንም አይፈጠርም።

ልብ በሉ። ሴፍቲዋ የምትገፋው ሞላውን ነው። ስለዚህ ትንሽ መክበዷ የጤና ነው።

እንግዲህ ሴፍቲው አልዞር ሲል ምን እናደርጋለን? ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆን አለበት። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት፣ ጣት ከቃታ ውጭ። መዝጊያውን ክፈቱ። በዓይን እዩ፣ ከዚያ ትንሿን ጣታችሁን ከትታችሁ ዳስሱ። ካዝናውንም እንደዚያው። ጥይት ካለ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ ግን የሚያውቁ ሰዎች ሲዘሉት ስላየሁ እደግመዋለሁ።

ሴፍቲው ወደ ቀኝ ተኝቶ ከተጣበቀስ? ይህ ከሁሉም ከባዱ ነው። መዝጊያው አይከፈትም። ውስጡን ማየት አይቻልም። እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ጎርሷል ብላችሁ ያዙት። «የገዛሁት ከሱቅ ነው፣ ባዶ ነው» አይሠራም። ካዝናውን ከሥር ከፍቶ ጥይቱን ማራገፍ ይቻላል፤ በርሜሉ ውስጥ የገባችው አንዷ ጥይት ግን እዚያው ትቀራለች። መዶሻ የለም፣ ፒንሳ የለም። ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ ደውሉና «መዝጊያው ተቆልፏል፣ ባዶ መሆኑን አላረጋገጥኩም» ብላችሁ እንዴት እንደምታመጡት ጠይቁ። ይህን ቃል በቃል በሉት። ቀጥሎ የምለው ሁሉ መዝጊያው ለሚከፈትለት ሰው ብቻ ነው።

ስልክ ከሚደውሉልኝ ብዙዎቹ ጠመንጃቸው ምንም አልሆነም። አልቀባበሉትም። በቃ። ሴፍቲዋ የምትገፋው ጅራቱን ነው ብያለሁ። ጠመንጃው ካልተቀባበለ ጅራቱ ወደ ፊት ገብቷል። የሴፍቲዋ ቁልቁለት የሚገባበት ክፍተት የለም። ስለዚህ አትዞርም፤ መዞርም የለባትም። የተሠራችው እንደዚህ ነው። ባዶውን ጠመንጃ እጀታውን ወደ ላይ አንስታችሁ መልሳችሁ ዝጉት። ጅራቱ ከኋላ ወጣ ብሎ ይታያል፣ በጣትም ይዳሰሳል። አሁን ሴፍቲዋን ሞክሩ። አንድ ወንድማችን ለሁለት ወር ዘይት ሲያጠጣው የከረመውን ጠመንጃ በስልክ በአንድ ደቂቃ አዙሮታል። ሁለት ወር በፒንሳ ቢታገላት ኖሮ ክንፏን ይሰብራት ነበር።

ተቀባብሎም ካልዞረ ያኔ ወደ ቆሻሻው እንሄዳለን።

የአውሮፓ ጦሮች ጠመንጃ ወደ መጋዘን ሲያስገቡ በወፍራም ግራሶ ይለብጡታል። ኮስሞሊን የሚባለው ዋናው ነው፤ ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ፣ ቡናማ፣ ማር የሚመስል። ከዝገት በደንብ ይከላከላል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ቀጭኑ ክፍል ይተንና የቀረው እንደ ሰም ይደርቃል። በሴፍቲዋ ቀዳዳ ውስጥ ሲደርቅ ሙጫ ሆነ ማለት ነው። ከእኛ ሀገር የመጡት ግን ኮስሞሊን ያለባቸው ብዙም አይደሉም። እነሱ ላይ ያለው አቧራና የደረቀ ዘይት ነው። ሀገር ቤት ጠመንጃ በተገኘው ይቀባል። አጎቴ ኑግ ዘይት ይቀባው ነበር። የኑግ ዘይት አየር እያገኘው ሲቆይ እንደ ቫርኒሽ ይጠነክራል። ከሰው ምግብ ቀንሶ ለጠመንጃው ነው የቀባው፤ ጠመንጃውን ግን ያጣበቀው እሱው ነው። አጎቴ በድንጋይ ይመታው የነበረው የራሱን ዘይት ነበር። የምግብ ዘይት ለጠመንጃ አይሆንም።

የእኔን እንዴት እንዳስለቀቅኩት ልንገራችሁ። ጠመንጃውን ስገዛው ሴፍቲው ወደ ላይ ቆሞ ደርቆ ነበር። ይህ ዕድል ነው። መሃለኛዋ ቦታ ላይ ስለሆነ መዝጊያው ተከፈተልኝ፤ በግራ በኩል ያለውን መያዣ ወደ ውጭ ስቤ ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። ያን ማታ ሴፍቲዋ ከኋላ ቆቡ (የመዝጊያውን ጀርባ ከሚዘጋው ክፍል) ጋር የምትገናኝበት ቦታ ላይ የቀለም ማቅጠኛ በጠብታ አድርጌ ተውኩት። ጋራዡ በር ክፍት፣ ጓንት እጄ ላይ፣ እሳት አካባቢው የለም። ጠዋት አልተነቃነቀችም። ማታ ደገምኩት። በሦስተኛው ቀን ሙቀት ጨመርኩ። ኮስሞሊን ወደ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ይቀልጣል፤ የደረቀ የምግብ ዘይት ግን ሙቀት ብቻ አይበቃውም፣ መዘፍዘፍና መፈተግ ይፈልጋል። ማቅጠኛውን ጠርጌ ካደረቅኩት በኋላ የፀጉር ማድረቂያ ያዝኩበት። የሚፈላ ውሃም ይሠራል፣ ወዲያው ማድረቅና ዘይት መቀባት ከቻላችሁ። በጋ ላይ በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ማስጣትም ይቻላል። ብቻ የእሳት ነበልባል እንዳታስጠጉበት። መዝጊያው ላዩ በሙቀት ሕክምና የጠነከረ ብረት ነው። በነበልባል ካሞቃችሁት ይለሰልሳል። ፊታችሁ አጠገብ የሚፈነዳውን ጥይት የሚይዘው ደግሞ ያ መዝጊያ ነው።

ከዚያ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት። በእንጨት ስንጥር ዙሪያውን ቆፈርኩት። ቡናማ ቅርፊት እየተፈረፈረ ወጣ። በአራተኛው ማታ በአውራ ጣቴ ስገፋት «ቀጭ» አለችና ትንሽ ተነቃነቀች። ብቻዬን ጮህኩ። ልጄ ከቤት ሮጣ መጣች። እዚህ ላይ በኃይል ገፍቼ ልጨርሳት ይላል የሰው ልብ። ተውኩት። እንደገና ጠብታ፣ እንደገና ሌሊት።

ስትላቀቅ መዝጊያውን ፈታሁት። ኋላ ቆቡ ግራ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭኖ ቆቡን ወደ ግራ እያዞሩ ማውጣት ነው፤ መርፌው፣ ሞላውና ሴፍቲዋ አብረው ይወጣሉ። ቀጣዩን ስትሠሩ የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ። የመርፌውን ጫፍ የተቦረቦረ ጣውላ ላይ አቁሜ፣ ቆቡን በሁለት እጄ ወደ ታች ተጭኜ፣ ጅራቱን ሩብ ዙር አዙሬ አወጣሁት። ከዚያ እጄን ቀስ እያልኩ ሞላውን ለቀቅኩት። ያ ሞላ ካመለጠ ዓይን ያጠፋል። ሴፍቲዋን ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አዞርኳትና ወደ ኋላ ስቤ አወጣኋት። ቀዳዳውን፣ ሥሯን፣ ጅራቱን በጨርቅ ወለወልኩ። ስስ የጠመንጃ ዘይት አስነካሁና መልሼ ገጠምኩት። ስስ ነው ያልኩት። ዘይት በበዛ ቁጥር አቧራ ይሰበስባል፣ ያው ቆሻሻ ተመልሶ ይመጣል።

ማውዘር ያልሆነ ያላችሁ፣ ባጭሩ። የሩሲያው ሞሲን ክንፍ የለውም። ሴፍቲው የመርፌውን ጅራት ራሱን ወደ ኋላ ስቦ ወደ ግራ ማዞር ነው። ከአፈጣጠሩ ከባድ ስለሆነ «ተጣብቋል» ብላችሁ አትፍረዱበት። የእንግሊዙ ሊ ኢንፊልድ ሴፍቲ በግራ ጎን ያለች ማንሻ ናት፤ ከውስጥ በጥርስ ትገጥማለች። ሰው ፈትቶ በተሳሳተ ጥርስ መልሶ ከገጠማት ግማሽ መንገድ ሄዳ ትቆማለች። መድኃኒቱ ፈትቶ በትክክለኛው መግጠም ነው።

አሁን፣ ጸድቶም፣ ተቀባብሎም፣ አሁንም እንቢ የሚል አለ። ይህ ብዙ ጊዜ ዕቃው የራሱ ስላልሆነ ነው። እነዚህ ጠመንጃዎች በየመጋዘኑ ሲፈቱ ሲገጠሙ ኖረዋል። የአንዱ ጅራት ለሌላው፣ የአንዱ ሴፍቲ ለሌላው ተሰጥቷል። በብዙዎቹ ላይ የተመታውን ቁጥር ብታዩ መዝጊያው አንድ ቁጥር፣ ጠመንጃው ሌላ ቁጥር ሆኖ ታገኙታላችሁ። የጅራቱ ፊት በጥቂቱ ወደ ፊት ከቀረበ የሴፍቲዋ ቁልቁለት መግቢያ ያጣል። እንቢታዋ እውነት ነው። ወይም ቃታውን ሰው ነካክቶት ጥርሷ ጅራቱን በቂ ወደ ኋላ አልያዘችውም ይሆናል። ዝገትና የተጣመመ ክንፍም አለ፤ እነዚህን በዓይን ታዩአቸዋላችሁ።

ሞረድ ወደ እጅ የሚገባው በዚህ ሰዓት ነው። እባካችሁን።

ሞረድ ሴፍቲዋን በእርግጥ ያዞራታል፤ አደጋውም ከዚህ ነው የሚጀምረው። የምትሞርዱት ጅራቱን ወደ ኋላ የሚገፋውን ቁልቁለት ነው። ቁልቁለቱ ተሞርዶ ሲያልቅ ሴፍቲዋ ትዞራለች፣ ጅራቱን ግን አትገፋም። ቀለል ያለላችሁ ሥራውን ስላቆመች ነው። እኔ በሥራዬ በቶርኖ የሚሊሜትር መቶኛ እቆጥራለሁ፤ እንኳን በእጅ ሞረድ፣ በማሽንም ልክ መጠበቅ ቀላል አይደለም። የተነሳ ብረት ደግሞ አይመለስም። ትክክለኛዋን ሴፍቲ ወይም ጅራት ፈልጎ መግዛት ይሻላል። ዋጋዋ ከአንድ ራት ግብዣ ብዙም አይበልጥም።

ጠመንጃችሁን ከዚህ በፊት ሰው ሞርዶት እንደሆነ ማወቂያ አለ። ለማጽዳት ላልፈታችሁትም ቢሆን ዛሬውኑ አድርጉት። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። አቀባብሉ። ሴፍቲዋን ወደ ቀኝ አድርጉ። ቃታውን ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡና ልቀቁት። ምንም መሆን የለበትም። አሁን እጃችሁን ከቃታው አርቁ። ሴፍቲዋን ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ መልሷት። አሁንም ምንም መሆን የለበትም። ከዚያ ቃታውን ስትስቡ ብቻ መርፌው ይምታ። ይህንኑ ሴፍቲዋን መሃል ላይ አቁማችሁ ድገሙ። ሴፍቲዋን ወደ ግራ ስትመልሱ መርፌው በራሱ ከመታ ያ ጠመንጃ ጥይት ሊገባበት አይገባም።

ለምን በራሱ ይመታል? ሴፍቲዋ ተሞርዳ ጅራቱን ወደ ኋላ ካልገፋችው፣ ቃታው ሲሳብ ጥርሷ ዝቅ ትላለች፣ ጅራቱ ትንሽ ወደ ፊት ይንሸራተትና ሴፍቲዋ ላይ ያርፋል። ጥርሷ ልትመለስ ስትል ጅራቱ ቦታዋን ይዞባታል። ከዚያ በኋላ ያን ሁሉ ሞላ የያዘችው ሴፍቲዋ ብቻ ናት። ሰዓት ቢቆይ፣ ሌሊት ቢያድር እንደዚያው ይቆያል። ሴፍቲዋን የሚያነሳው ሰው ጠመንጃውን ያስተኩሰዋል።

ይህን ጋራዤ ውስጥ፣ መዝጊያው እጄ ላይ ሆኖ ሳስበው ተቀመጥኩ። ምክንያቱም ያኔ፣ ያ ጠመንጃ ከመተኮሱ በፊት በነበረው ማታ፣ ሁሉም ደጅ ከብት ሲያስገባ እኔ በርጩማ ላይ ቆሜ የአጎቴን ጠመንጃ ቃታ ስቤ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሴፍቲው ዞሯል፣ አጎቴ ሲያዞረው አይቻለሁ። ሴፍቲ ካለ አይተኩስም ብሎኛል። ሳብኩት፣ ምንም አልሆነም። ወረድኩና ተጫወትኩ። ጠዋት አጎቴ አወረደው።

ብረት ሠሪው ያን ሰው አልወቅሰውም። ሊረዳ ነው የሞረደው። አጎቴም የነገረኝ ትክክል ነበር፣ ላልተሞረደ ጠመንጃ። አፈሙዙን ወደ ላይ የማድረግ ልማዱ ነው በመደቡ ላይ የተቀመጥኩትን እኔን ያተረፈኝ።

ንግግሬ እዚህ ላይ ነበር ያበቃው። ከዚያ ጥያቄ መጣ።

አንድ ወጣት፣ «ዘይት ተቀብቶ ጸድቶም የእኔ አሁንም ትንሽ ይከብዳል» አለኝ። ፈተናውን አድርጎ እንደሆነ ጠየቅኩት። አድርጓል፤ መርፌው የሚመታው ቃታው ሲሳብ ብቻ ነው። «እንግዲያው ተወው» አልኩት። ከሞላው ጋር እየታገለልህ ነው፤ ይክበድ።

አንድ አባት ሀገር ቤት ወንድማቸው ዘንድ ስላለ ምንሽር ጠየቁኝ። እዚያ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። መጀመሪያ ወረቀቱን ያስተካክል፣ ከዚያ ፈተናውን በስልክ ሆኜ አብሬው አደርጋለሁ አልኳቸው። ቁጥሩን ሰጡኝ።

በመጨረሻ ከኋላ ወንበር ላይ የነበሩ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ለአጎትህ ነገርከው?» አሉኝ።

አጎቴ ከመረዳቴ በፊት ነው ያረፈው። ለሚስቱ ግን ባለፈው ፋሲካ እንኳን አደረሰሽ ልላት ስደውል ነገርኳት። ሁሉንም፣ ቃታውንም፣ ሞረዱንም። ብዙ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ያን ቀን በርጩማው ከጓዳ ወጥቶ ምሰሶው ሥር ቆሞ አገኘሁት። ማን እንዳመጣው ሁሉንም ጠይቄያለሁ። አንተን ብቻ አልጠየቅኩህም።»